ብል የበጀት ዓመት አያውቅም

በሙዚየሙ የጥገና ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት የሠራችው ሴትዮ፣ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ተረስቶ «እትዬ አይነካም» ከተባለች ቆይታለች። ጎብኚም ይሁን የክብር እንግዳ እጁን ወደ ዕቃ ከዘረጋ፣ ከየት መጣች ሳትባል ትደርሳለች። ቁጣዋ ቶሎ ይበርዳል። የማይበርደው ለበላይ ደብዳቤ የጻፈች ዕለት ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሱፍ አልባሳቱን ሣጥን ስትከፍት፣ አንድ የጥንት ዳኛ ይለብሰው በነበረ ካባ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቀዳዳ አየች። ከሥሩ ባነጠፈችው ነጭ ወረቀት ላይ እንደ አሸዋ የደቀቀ ፍርፋሪ ተበትኗል። ብል ገብቷል። በመደርደሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ዘጠኝ የሱፍ ልብስ አለ።

መድኃኒቱን ታውቀዋለች። ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ሥጋን ድንጋይ በሚያደርግ ብርድ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ትሉም እንቁላሉም ያልቃል፣ ሱፉ አይጎዳም። ማቀዝቀዣ ይገዛልኝ ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው መልስ የዝንብ መድኃኒት ይረጭበት የሚል ነበር። ቀለሙን ያበላሸዋል ብላ ብትመልስ የሦስት ሻጮች ዋጋ አቅርቢ ተባለች። በእግሯ ዞራ ሦስቱንም ስታመጣ የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል አሏት። ለብሉ ግን ይህን የነገረው የለም፤ በዚህ መሀል ሁለት ካባ ጨመረ።

ይህን ስታይ የቤቷን ማቀዝቀዣ በፒክአፕ ጭና አመጣችው። ባሏ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ማታ ባዶውን ጥግ አይቶ ሥጋው የት ገባ ቢላት ጎረቤት ጋ ነው አለችው። ማቀዝቀዣውስ ቢላት ሥራ ቦታ ነው አለች።

«ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት የሚሰርቅ ሰው አውቃለሁ» አለ ቁጭ እያለ። «ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚሰርቅ ግን ገና አንቺን አየሁ።»

አራት ካባ በአንዴ ከታ፣ በክዳኑ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ቀኑን መቁጠር ጀመረች። በዘጠነኛው ቀን ከምሳ ስትመለስ ካባዎቹ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተጋድመዋል፤ ላስቲካቸው ላብ አውጥቷል። በማቀዝቀዣው ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ ተደርድሯል።

ቀጥ ብላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። እንግዶች እንደሚመጡ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ እንደሆነ ነገራት።

«ብሉ ይነቃል» አለችው።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ቀን የቀዘቀዘ ትል በሁለት ሰዓት ይነቃል?»

«ያልሞተ ሁሉ ይነቃል። እርስዎም ከስብሰባ ሲወጡ ይነቃሉ።»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ወጥታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጠርሙሶቹን አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ደረደረቻቸው፤ እንግዶቹም ለስላሳውን ለብ እንዳለ ጠጡት። እሷ ካባዎቹን መልሳ ከታ፣ ክዳኑን ቆልፋ፣ ወረቀቱን ቀዳ ጥላ ቀኑን ከአንድ ጀመረች።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ እንኳ ወዲያው አልፈታቻቸውም፤ ጤዛ እንዳይቋጥሩ አንድ ቀን በላስቲካቸው አቆየቻቸው። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ስፌት ስፌቱን አየች። በሁለት ወር ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም።

አርባው ልብስ በየተራው ሲያልቅ ማቀዝቀዣዋን ልትወስድ ብትነሳ የንብረት ክፍሉ ሹም አስቆማት። በቆጠራ ተገኝቶ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ የሚወጣው ኮሚቴ ሲፈቅድ ነው። ኮሚቴው ደግሞ አባል አልተሟላለትም። ብትለምን፣ ብትጮህ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። በዚያው ሰሞን የክዳኑ ጎማ ላላ። ይጠገንልኝ ስትል የግዥ ሰነድ የሌለው ዕቃ አይጠገንም ተባለች። ቁጥር ሲለጥፉበት ግን ሰነድ የጠየቃት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ መጣ። ዘበኛው ሳይመዘገብ አያልፍም ብሎ መዝገብ ዘረጋለት። የመጡበት ጉዳይ በሚለው ሥር ጥቂት አሰበና «ማቀዝቀዣዬን ልጠይቅ» ብሎ ጻፈ። እሷ ክዳኑን ደግፋ ይዛለት ጎማውን ቀየረው። ሲጨርስ ሞተሩን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ገና አሥር ዓመት ይሠራል አላት። እሷም ወረቀት አውጥታ፣ የሙዚየሙ የሱፍ ምንጣፎች ወደ ማቀዝቀዣው የሚገቡበትን ተራ መጻፍ ጀመረች።