ውባንቺና የቶላ መዝገብ

ጂንካን መሀል ለመሀል በሚከፍለው የአውሮፕላን ሜዳ በኩል ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውባንቺን ሳያገኝ አያልፍም ነበር። ሣሩ ላይ የሚግጡትን ላሞች በዣንጥላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ዘወር እያደረገች፣ የሰማያዊ ሹራቧን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ መንገዱን ሰያፍ ታቋርጣለች። ዝናብ ሲሆን በላስቲክ ጫማ ትመጣና ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ በፌስታል የያዘችውን ቆዳ ጫማ ትቀይራለች። ዳኛ ፊት በጭቃ እግር አይቆምም ባይ ናት።

ሥራዋ ማስተርጎም ነው። የተወለደችው ወይጦ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። እናቷ ለመንገደኛ ሻይ ትሸጥ ስለነበር ውባንቺ ብርጭቆ እያጠበች ከጸማዩ ጸማይኛ፣ ከአርቦሬው አርቦርኛ ለቀመች። ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ደርግ በወደቀ በዓመቱ የጂንካው ፍርድ ቤት የቆላውን ሰው ቋንቋ የሚያውቅ ሲፈልግ ተመዘገበች። ፈተናው ዳኛው የጠየቋት አንዲት ጥያቄ ነበረች።

«ተከሳሹ ዳኛውን ቢሰድብ ምን ታደርጊያለሽ?»

ውባንቺ አንገቷን ደፍታ አሰበች። «ይቅርታዎን እጠይቅና እንደ ሰደበዎት አስተረጉማለሁ» አለች። በማግሥቱ ቀጠሯት።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሰባት ዓመት፣ በተከሳሽ ሳጥንና በዳኛ ወንበር መካከል ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሰው ቃል ከወዲህ ወደዚያ አሻገረች። ከራሷ አንዲት ቃል ጨምራ አታውቅም። ጠበቆቹ ሲቀልዱባት፣ «እትዬ ውባንቺ፣ ቤትም ለባልሽ የሰው ቃል ነው የምታደርሺለት?» ይሏታል።

«ለእሱስ ቃልም አያስፈልገው፤ ገና ሳልናገር ይገባዋል» ትላለች፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

የቶላ መዝገብ የመጣው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምህረት፣ ግንቦት ላይ ነው። ቶላ የሃያ ሁለት ዓመት የአርቦሬ ሰው ነው። ከአባቱ ጋር ሁለት አህያ እየነዳ ወደ ወይጦ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። ከጭነቱ በአንዱ ከረጢት፣ ከማሽላው ሥር፣ ከድንበር ማዶ የገባ ጥይት ተገኘ። «ያንተ ነው?» ተባለ። ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስቴም ዝም አለ። በመዝገቡ ላይ «ሲጠየቅ ባለመካዱ አምኗል» ተብሎ ተጻፈ፤ ቶላም ታስሮ አራት ወር ተቀመጠ።

እንዲህ ያለው የድንበር ኮንትሮባንድ ጉዳይ የፌዴራል ነው። ሆኖም መዲናው ሩቅ ስለሆነ፣ በውክልና የዞኑ ዐቃቤ ሕግ ከስሶ እዚያው ጂንካ ይታይ ነበር። የዞኑ ዐቃቤ ሕግ አስቻለች ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት። መስከረም ላይ ከፌዴራል ሩፋኤል የሚባል ወጣት ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ውክልናው ተነሥቷል፤ መዝገቡ ከነተከሳሹ ወደ አዲስ አበባ ይዛወር ይላል።

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ይተዋወቃል» አለ ሩፋኤል። «የድንበር ወንጀል በዝምድና አይዳኝም።»

«እዚያስ ማን ያውቀዋል?» አለች አስቻለች። «ምስክሮቹ ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ መኪና ተሳፍረው የማያውቁ። ሳይሰማ ነው የሚፈረድበት!»

ውባንቺ በርጩማዋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። መዲናው ውስጥ አርቦርኛ የሚያውቅ ሰው ከየት ይገኛል? ቶላ ለዓመታት የማያውቀው እስር ቤት ሊዘጋበት እንደሆነ ገባት።

ዳኛው አቶ ታደለ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ተከሳሹ በዝውውሩ ላይ ተቃውሞ እንዳለው ይጠየቅ» አሉ።

ውባንቺ ጠየቀችው። ቶላ ጉልበቱን እያየ ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ ዝም። ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «ተከሳሹ ተቃውሞ የለውም ብለሽ ጻፊ» አሉ። የጽሕፈት መኪናው መንቀጫቀጭ ጀመረ።

«ክቡር ፍርድ ቤት…»

ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሣ ዳኛው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ውባንቺ።»

«ተከሳሹ ተናገረ?»

«አልተናገረም። የራሴ ቃል ነው።»

ሩፋኤል ብድግ ብሎ፣ «አስተርጓሚዋ ምስክር ሆነች እንዴ?» አለ። ዳኛው በእጃቸው «ቆይ» አሉት።

ውባንቺ የሹራቧን ቁልፍ አጥብቃ ያዘች። «አባቱ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው። በእነሱ ወግ አባት ባለበት ልጅ ቀድሞ አፉን አይከፍትም። ያን ዕለት ፖሊስ ሲጠይቀውም አባቱ አጠገቡ ቆመው ነበር፤ መዝገቡ ላይ አለ። ዝም ያለው አምኖ አይደለም፤ አባቱን ማንም ስላልጠየቀ ነው። ያጠፋሁ እንደሆነ ከሥራዬ ያስወጡኝ።»

ዳኛው መዝገቡን ገለጡ። የአባትየው ስም በርግጥም አለ፤ ቃላቸው ግን የለም።

«እንግዲያው ሽማግሌው ይምጡ» አሉ።

ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ስለ ዘገየው ዝናብ ጀመሩ፤ ወደ ማሽላው መክሸፍ አለፉ፤ ከዚያ ስለ አንደኛዋ አህያ ክፉ ጠባይ ብዙ አሉ። ውባንቺ አንዱንም ሳታስቀር፣ የአህያይቱን ርግጫ ጭምር አስተረጎመች። ከኋላ ሰው ሳቀ፤ ሩፋኤል ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ «እኔ ተናግሬያለሁ፤ አሁን ልጄ ይናገር» ብለው ተቀመጡ።

ቶላ ቀና አለ። ቃሉ ታጉሮ እንደቆየ ጥጃ ወጣ። «ከረጢቱን የሰጠን የወይጦ ነጋዴ ነው። ማሽላ ነው፣ መጋዘን አድርሱልኝ አለን። አፉን የሰፋው ራሱ ነው። ስሙን አውቃለሁ፤ መጋዘኑንም አሳያችኋለሁ።»

አስቻለች እስክሪብቶዋን ጣለች። በእረፍት ሰዓት ከማንጎው ዛፍ ሥር ለሩፋኤል እንዲህ አለችው፦ «ወንድሜ፣ አንተን ስከስህ ነበር። እኛም እኮ አራት ወር አጠገቡ ተቀምጠን አልሰማነውም።»

ሩፋኤል ከግንቡ ሥር ቆማ ወደነበረችው ወደ ውባንቺ ሄደ።

«እትዬ፣ መዝገቡን የመውሰድ ሥልጣን አሁንም የእኛ ነው» አላት።

«ማን ከለከለዎት? ይውሰዱት» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ግን እኔን መውሰድዎ ነው። እኔን ከወሰዱ አባቱንም ይውሰዱ፤ ያለ እሳቸው አይናገርም። እሳቸው ደግሞ ያለ ሽማግሌዎቹ ከአርቦሬ አይወጡም። አውቶቡስ ይበቃዎታል?»

ሩፋኤል ሳይወድ ሳቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትዎርክ ፍለጋ ስልኩን ይዞ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሲመላለስ፣ አዲስ አበባ ያሉ አለቆቹን ሲለምን፣ ሲከራከራቸው ታየ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተለየ። ጥይቱን ከድንበር ያስገባው ነጋዴ ቶላ ባሳየው መጋዘን ተይዞ የእሱ መዝገብ ወደ መዲናው ሄደ፤ ለቶላ መዝገብ ግን ውክልናው ተመልሶ ጂንካ ቀረ። ሳይቆይም፣ አስቻለች ራሷ ክሱን አንሥታ ቶላን አሰናበተችው። ውባንቺን ከሥራ ያስወጣት የለም። ከዚያ ወዲህ አስቻለች የምርመራ መዝገብ ሲመጣላት አስቀድማ የምታየው ሰውየው ምን እንዳለ አልነበረም፤ ሲጠየቅ ማን አጠገቡ እንደቆመ ነበር።

በሚያዝያ ለነጋዴው ክስ ምስክርነት ከአዲስ አበባ መጥሪያ መጣ፤ ለቶላ፣ ለአባቱና ለአስተርጓሚዋ። ሽማግሌዎቹ አባትየውን ያለ እነሱ እንዲለቁ ለማሳመን ውባንቺ አርቦሬ ድረስ ወርዳ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ከዚያ ሦስቱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጓዙ። ከአርባ ምንጭ አልፋ የማታውቀው ውባንቺ ከተማው ሲገቡ የቶላን አባት ክንድ ይዛ መንገድ አሻገረች፤ ማን ማንን እንደያዘ ግን አይታወቅም ነበር።

ችሎቱ ሰፊ ነው፤ ሰውም ብዙ። ዳኛዋ የመጀመሪያው ምስክር ይቅረብ ሲሉ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የቶላ ስም ነበርና ቶላ ተነሣ። ሩፋኤል ከወንበሩ ተነሥቶ ፈቃድ ጠየቀ፤ የምስክሮቹ ተራ እንዲለወጥ አመለከተ። ተፈቀደለት። ከዚያ በቶላ በኩል አልፎ ሽማግሌው ፊት ቆመና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባት፣ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ» አለ።

ውባንቺ ቃሉን በአርቦርኛ አደረሰችላቸው።