የልብስ ሰፊው ቀኝ እግር

መሕሙድን ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቀው ሱሪ አሳጥሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እሱ በረንዳዬ ላይ ይሰፋል። ከእኔ የገዛ እሱ ጋ ይለካል፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ግራ እግሩን ስኳር በሽታ ቀድሞ ወስዶበታል። በክራንች መጥቶ ይቀመጥና የስፌት መኪናዋን በቀኙ ብቻ ይረግጣታል። «ጫማ በግማሽ ዋጋ ቢሸጡልኝ ምናለ» እያለ ይቀልዳል። ወላሂ፣ እኔን አስቆኝ አያውቅም።

አምና መርፌ ጫማው ውስጥ ወደቀች። ስኳር እግር ያደነዝዛል፤ ሳይሰማው ቀኑን ሙሉ ረገጣት። ካልሲው ላይ ደም ያየችው ሚስቱ ሸሪፋ ናት። ቁስሉ ወራት አስቆጠረ፣ አልድን አለ። ቅባቱም ኪኒኑም አልያዘለትም። ይህች እግር ከሄደች መሕሙድ ከስፌቱ ቀረ ማለት ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ደሴ ይዤው ወጣሁ። ዶክተር ማስተዋል የምትባል ሐኪም፣ ገና ልጅ ናት፣ አዲስ ሕክምና ጀምረናል አለችን። ከክንዱ ደም ቀዳች፤ በማሽን አሽከርክራ ሥጋ እንዲያበቅል የሚያግዘውን ክፍል ለየችና ረጋ ሲል ቁስሉ ላይ አድርጋ በፋሻ ጠቀለለችው።

«ከራስዎ ደም የወጣ መድኃኒት ነው። እስከ ቀጠሮዎ አይፈታ፣ ውሃም አይንካው» አለችው። እሺ አለ። በሚኒባስ ስንወርድ መስኮት መስኮቱን ያያል። ደክሞት መስሎኝ ነበር።

ደክሞት አልነበረም። ደም ነጃሳ ነው፣ ያረክሳል፤ ደም ተለጥፎበት እንዴት ይስገድ? መሕሙድ ከልጅነቱ ሶላት አልፎት አያውቅም። ቤት እንደገባ ፋሻውን ፈታ፣ መድኃኒቱን አጥቦ አወረደ፣ ሰገደ፣ መልሶ አሰረው። ከዚያም በየሶላቱ እየፈታ ያጥበዋል። ደግሞ አስተሳሰሩ! ልብስ ሰፊ አይደል፤ እጥፉን እንደነበረ ሲመልሰው ዶክተሯ እንኳ መነካቱን አልጠረጠረችም። በየቀጠሮው ትፈታዋለች፣ ግራ ይገባታል፣ እንደገና ደም ትቀዳለች። ከእሱ ጋር የጀመረ የኩታበር ገበሬ ቁስሉ ሞልቶለት በእግሩ አገሩ ገባ። የመሕሙድ ግን ይጠቁር ጀመር።

ለምን አልጠየቀም? ለሐኪሟ ብነግራት ልፋቷን መናቅ ይሆንብኛል ብሎ አፈረ። የመስጊዳችንን ሸህ ብጠይቅ መድኃኒቱን ተው ይሉኛል ብሎ ፈራ። እግሩንም ሶላቱንም መያዝ ነበር የፈለገው። አይ መሕሙድ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ አያውቅም?

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሸህ አብዱልወሀብ ሊጠይቁት ቤቱ መጡ። አላህ ያሽርህ ብለው ዱዓ አደረጉለት። ይህን ሁሉ የነገረን ያኔ ነው፣ ወለሉን እያየ። ሸሪፋ አፏን በሻሿ ያዘች።

«ልጄ፣ መድኃኒት ነበር» አሉት ሸሁ። «ሳትፈታው ፋሻውን ላዩን በእርጥብ እጅህ ብታብሰው ሶላትህ ሙሉ ነበር።»

«ላዩን ብቻ?»

«ላዩን ብቻ።»

ተነስቼ ወጣሁ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ። ሃይማኖትህ ምን ይላል ብላ ባልጠየቀችው ሐኪም ነው? በእሱ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ምን ያደርጋል።

ለከሰዓቱ ሶላት የአሱር አዛን ሲሰማ መሕሙድ ከውስጥ ጠርቶ ውሃ አምጣልኝ አለኝ። ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ገባሁ። ፊቱን ታጠበ፣ እጆቹን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ራሱን አበሰ። ቀጥሎ እግር ነበር የሚታጠበው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መለሰልኝ። የእግሩ ውሃ እንዳለ ነበር።