በሎሚ የታጠበ ዛጎል

ረመዳን ካምዎክያ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቴ ስድስት ዓመት አብስሏል። ዶሮ እንደ እሱ የሚያጥብ አላየሁም። በሎሚና በጨው እያሸ፣ ውኃው እስኪጠራ ያለቀልቃል፤ ሎሚ ያልነካውን ነገር ንጹሕ ነው ብሎ አያምንም። ከዶሮ ሌላ ግን ድፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ሓዋን ከወደዳት ዓመት አልፎታል፤ እሷ ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። እኔ ነኝ በንዴት የምቃጠለው።

ሓዋ የምጽዋ ልጅ ናት፤ ጓሮዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይታለች። እሑድ እሑድ እንቴቤ ሐይቅ ዳር ወርዳ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ትለቅማለች። በሳሙና ውኃ ዘፍዝፋ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ ጥላ ላይ አድርቃ፣ ጠብታ ዘይት ትቀባዋለች። ከዚያ መስታወት ዙሪያ እየለጠፈች ትሸጣለች። በሥራዋ መሐል እጁን የሚያስገባ ሰው አትወድም።

በ2021 ለኮሮና ሁለተኛው የእንቅስቃሴ እገዳ፣ ሎክዳውን፣ ሲታወጅ እህቷን ልትጠይቅ እንቴቤ ሄዳ እዚያው ቀረች። ትራንስፖርት ቆመ፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ እንኳ ዕቃ እንጂ ሰው አይጭንም ተባለ። ከመሄዷ በፊት የእናቷን ዛጎል በጨርቅ ጠቅልላ ለረመዳን ሰጥታዋለች። እናቷ በልጅነቷ ምጽዋ ባሕር ዳር ያገኘችው ነው፤ ሓዋ ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

"ቤቴ ሌባ አይታጣም፤ አንተ ጋር ይቀመጥልኝ" አለችው።

እኔ የቤቱ ባለቤት እያለሁ ለእሱ! ነገሩ ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ ለእሱ አልገባውም።

ምግብ ቤቱ ተዘግቶ እጁ ሥራ ሲፈታ፣ ዛጎሉን ፈትቶ አየው። ስንጥቁ ውስጥ እድፍ አለ። ስትመለስ ደስ ይበላት ብሎ እንደ ዶሮው በሎሚና በጨው ዘፈዘፈውና ገበያ ሄደ። ሲመለስ ውኃው አረፋ ደፍቋል፤ ያ የሚያብረቀርቅ ጀርባው ገርጥቶ ኖራ መስሏል።

"እትዬ አረጋሽ፣ ከእንግዲህ ዓይኔንም አታይም" አለኝ።

ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ ሰይፈ፣ "ምን ያስጨንቅሃል? ሌባ ወሰደው በላት" ሲል መከረው።

"እንዲያ ብላት እኮ ታምነኛለች" አለ ረመዳን። "የከፋው እሱ ነው።"

ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው አልኩት።

መንገድ ተከፍቶ ሓዋ ስትመጣ በር ላይ ጠበቃት። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሎሚውንም፣ ጨውንም፣ ገበያ መሄዱንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። በዓመት ያልተናገረውን በአንድ ጊዜ ጨረሰው። እኔ ሽንኩርት የምልጥ መስዬ አዳምጣለሁ።

ሓዋ ዛጎሉን ተቀብላ አለቀሰች። ቆይታ የዘይት ጠርሙሷን አወጣችና ጠብ አድርጋ በጨርቅ አሸችው። ትንሽ ወዝ መለሰ፤ የድሮውን ግን አልሆነም።

"አይመለስም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው ቢሆን ጠፋ ይለኝ ነበር።"

ረመዳን ምላሱ እንደገና ተሳስሯል። ቢላዋዬን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ሓዋ ዛጎሉን ጠቅልላ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"አንተ ጋር ይቀመጥ። እንዳታጥበው ብቻ" አለች። "የእህቴ ባል እንቴቤ ነው ያለው፤ ሽማግሌ ላክበት።"