የጋሽ ሰይድ ሞተር

ዛሬ ሰመራ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወርዶ የጋለ ጎማውን በእጁ ጀርባ ሲነካ አየሁና ሳቄ መጣ።

ልጆች ሆነን አዋሽ ላይ ጌም የምንጫወተው ጋሽ ሰይድ ቤት ነበር። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ የወሎ ሰው ናቸው። ጌም ማጫወቻውንም የሚያዩት እንደ ሞተር ነበር።

አንድ ቀን በድብድቡ ጌም እኔና ጠይባ ለፍጻሜ ደረስን። ጠይባ ወንዶቹን ሁሉ የዘረረች የጎረቤታችን ልጅ ናት። ስክሪኑ ላይ የሁለታችንም ተፋላሚዎች የቀራቸውን ጉልበት የሚያሳየው የደም መስመር ክር አክሏል። የእሷ ተፋላሚ ለመጨረሻው ምት እግሩን ሲያነሳ ጋሽ ሰይድ ማሽኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩና "አቁሙ! ግሏል! እኔ ሚሌ ላይ ሞተር አቃጥዬ አውቃለሁ" አሉ።

ጨዋታው ባለበት ቆመ፤ እግሩም አየር ላይ ቀረ። እኔና ጠይባ ላባችን እየተንጠባጠበ ማሽኑን በካርቶን አራገብንለት። ጋሽ ሰይድ "በቃ፣ ቀጥሉ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ጠፋ።

እኛ ስንጮህ እሳቸው ማሽኑን ዳሰሱና ፊታቸው በራ። "አልሐምዱሊላህ! አሁን ገና በደንብ ይበርዳል።"

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አዋሽ ላለችው ጠይባ ደወልኩ። ገና "ጋሽ ሰይድ..." ስል አቋረጠችኝ።

"እግሬ ደርሶ ነበር!"