ንጹህ ያልኩት ወፍጮ

ደክሞኛል። በአስተርጓሚነት ስሠራ ስንት ዓመቴ! ኢታንግ መንገድ ካሉት የስደተኞች ካምፖች በአንዱ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ እናቶች በኑዌር ቋንቋ የሚሉትን ለነርስ ባለሙያው በአማርኛ፣ ነርሱ የሚለውን ለእናቶቹ በኑዌር መመለስ ነው ሥራዬ። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሆኖ መዋል ቀላል ይመስላል፤ ኒውላንድ ሰፈር ቤቴ ስገባ ግን ለገዛ ልጆቼ የማወራው ቃል አይተርፈኝም።

ከዚያች ደሞዝ ያጠራቀምኳትን ምን ላይ ላውላት ብዬ የተጨነቅኩት ጭንቀት! የባሌ ወንድም «ዲማ ላኪያት፤ ወርቅ ላይ ትዋል» አለኝ። ለቆፋሪዎቹ ቀለብና መሣሪያ ትችያለሽ፣ ወርቁ ሲወጣ ትካፈያለሽ፤ በቃ፣ አሠራሩ ይኸው ነው። «ጉድጓዱ የተደረመሰ ዕለትስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱ የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው» አይለኝም መሰላችሁ! እምቢ አልኩ። ሰው በተቀበረበት ገንዘብ ልጆቼን አላበላም። ጎረቤቴ ደግሞ ቢራ ቤት በጋራ እንክፈት አለችኝ። እኔ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ቆሜ ሰኞ ቢራ ልቀዳ? ወይ ጉድ!

ወፍጮ መረጥኩ። ካምፑ ጫፍ ላይ፣ በናፍጣ የሚሠራ። ሰው እህሉን ያስፈጫል፣ ይበላል፤ እዚህ ውስጥ ምን ኃጢአት ይገኛል? ሞተሩ የተነሳ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት። አቤት የዚያን ቀን ኩራቴ! የባሌን ወንድም ቁልቁል ነበር ያየሁት።

ካምፕ ውስጥ ጥሬ ብር ያለው ጥቂት ነው። የሌለው ከሚያስፈጨው ማሽላ ላይ በጣሳ ተሰፍሮ ይወሰድበታል። የሁሉም ወፍጮ ደንብ ነው፤ የእኔም። ሠራተኛዬ የተጠራቀመውን እህል ሸጦ ናፍጣ ይገዛል፣ የተረፈውን ያመጣልኛል። ይህን አውቅ ነበር። ማሽላው ለስደተኞቹ የሚሰፈር የወር ራሽን መሆኑን፣ ጣሳው ከማን ጉሮሮ እንደሚወጣ ግን አስቤው አላውቅም። ማሰብም አልፈለግኩም መሰለኝ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። ነርሱ ከደጋ የመጣ፣ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። የልጁን ክንድ በባለ ቀለሟ መለኪያ ጥብጣብ ሲለካው ቢጫው ላይ ቆመ፤ ልጁ ምግብ አንሶታል ማለት ነው። «ራሽኗ የት እየሄደ ነው?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«ብር ስለሌለኝ ወፍጮው በጣሳ ይወስድብኛል። የተረፈው ወር አያደርሰንም» አለች። የትኛው ወፍጮ እንደሆነም በእጇ አሳየችኝ። የእኔ ነው።

«ምን አለች፣ እትዬ?»

«ራሽኑ ወር አያደርሰንም አለች።»

የጣሳውን ነገር ዋጥኩት። አሳጠርኩ እንጂ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማሳጠር ደግሞ ለአስተርጓሚ ብርቅ አይደለም፤ ሲደክመን ሁላችንም እናሳጥራለን። ወፍጮ ቤቱ ሄጄ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችው እናት ተመለሰች። ጥብጣቧ አሁን ቀዩ ላይ ቆመች፤ የከፋው ደረጃ ነው። ልጁ ማልቀስ እንኳ ትቷል። ነርሱ ቱግ አለ።

«ራሽን እየተቀበለች ልጅ እንዲህ አይሆንም! እህሉን እየሸጠች ነው። ልጇን እየገደለችው መሆኑን ይንገሯት!»

ነገርኳት። ቃል በቃል ነገርኳት፤ ያን ጊዜ ማሳጠሩ ጠፋኝ። ሴትየዋ ነርሱን ትታ እኔን አየችኝ።

«የወፍጮውን አልነገርሽውም እንዴ?»

ከዲማ ሸሽቼ፣ ከቢራው ሸሽቼ፣ የመጣሁት እዚህ ነው። ነርሱ መልሷን እየጠበቀ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሳውን፣ የዋጥኩትን፣ ወፍጮው የማን እንደሆነ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ልጁን አየና፣ «ለእሷም ይንገሯት» አለኝ ቀስ ብሎ።

ነገርኳት። ወፍጮው የእኔ መሆኑን፣ በገዛ ቋንቋዬ። ብትረግመኝ፣ ብትተፋብኝ በወደድኩ። ልጇን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛወረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ታዲያ ጣሳውን አሳንሺልን» አለችኝ።