ቤንዚን የሌለው ማደያ ኮፍያ

ዛሬ ጠዋት በሌላ ኩባንያ ስም የመነገድ (የፍራንቻይዝ) ውል ልፈርም ስል አባባ ከሣጥናቸው አሮጌ ኮፍያ አውጥተው ራሴ ላይ ደፉልኝ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ኩባንያ ስም የነዳጅ ማደያ ያስተዳድሩ ነበር። የግድግዳው ቀለም፣ የሚከፈትበት ሰዓት፣ ይኼ ኮፍያ ሳይቀር በውል የታዘዘ ነበር።

ቤንዚን ሲጠፋ ውሉ አልጠፋም። አባባ በጠዋት ከፍተው፣ ወለሉን አሳጥበው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው "ቤንዚን የለም" ሲሉ ይውሉ ነበር። (ከመልመዳቸው የተነሳ ከደቅ ደሴት በታንኳ ለመጣ እንግዳ ሳይቀር ብለውታል።)

የኔ ውል የዶሮ ጥብስ ቤት ነው። ሳነብላቸው "ዶሮ ባይቀርብም ቤቱ አይዘጋም" የሚለው ላይ አስቆሙኝ።

"የኩባንያው ሰዎችስ ዶሮውን ካላመጡ ምን ይሆናሉ?"

ወረቀቱን ገለባበጥሁት። ምንም አይሆኑም።

"ለሁለቱም እኩል የሚፈርድ ሕግ የለም እንዴ?"

"ይወጣል እየተባለ ነው፣ አባባ።"

ኮፍያው የወጣው ያን ጊዜ ነው። "በይ፣ ሕጉ እስኪወጣ ይኼን አድርጊ።"

አልፈረምሁም፤ ኮፍያው ግን ልክክ ብሎኛል።

እናንተንስ ባዶ ቤት ያስጠበቃችሁ ውል አለ? ንገሩኝ፤ አባባ ትርፍ ኮፍያ አላቸው።