ጀርባውን ለፕላዝማ የሰጠ መምህር

በአጎቴ ቀብር ላይ የተናገሩት ባልደረቦቹ «የፕላዝማ ትምህርት ጠላት ነበር» ብለው አወደሱት። ስሕተት ነው። ጂንካ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምረን ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ትምህርት በሰዓቱ የሚከፍተው ራሱ ነበር። ነገር ግን ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ የእኛን ፊት ይመለከታል። በእንግሊዝኛ የሚጣደፈው ገለጻ ያመለጠው ተማሪ ካየ ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል።

«ቲቸር፣ ትምህርቱ አመለጠን እኮ!» እያሉ ተማሪዎቹ ይጮኻሉ።

«ይሂድ! ማትሪክ የምትፈተኑት እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም» ይልና ጠመኔውን ያነሣል።

ክፍሉ ሲስቅ እኔ አልስቅም። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሱፐርቫይዘር ደርሶ ፕላዝማውን ጠፍቶ ቢያገኘውና ከሥራው ቢያስወጣው መድረሻ አልነበረኝም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ የምዞረው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሥራዬ የማስተማሪያ ዘዴዎችን ማነጻጸር ነው። የመምህር ገለጻ፣ የቡድን ሥራ፣ ፕላዝማ፣ ታብሌት፤ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉድለት አስረዳለሁ፤ በዚህም ዶክተር ተብያለሁ። የአጎቴ አመል ግን ከጻፍኩት በአንዱም ውስጥ የለም።

ከሰልስቱ በኋላ ወደ ማስተምርበት ክፍል ተመልሼ የማሠለጥናቸውን ዕጩ መምህራን «ገባችሁ?» አልኳቸው። «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ተመለከትኩ፤ ያልገባው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። በመስከረም ከቀይ አፈር እስከ ካንጋተን ባሉ ትምህርት ቤቶች ክፍል ይረከባሉ። ያልገባውን ልጅ በምን እንደሚለዩት ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ። መልሱን የሚያውቀውን ሰው ቀብረነው ተመልሰናል።